የወልወል ውኃ ጉድጓዶችና የዓለም ፖለቲካ፦ ጥቃቅኑን የሚመረምረው ታሪካዊ ሶሲዮሎጂ ምንድን ነው?

በሁለት አገሮች ጠረፍ ላይ ተኩስ በተሰማ ቁጥር ሁለት ዓይነት ማብራሪያ ይቀርባል። አንደኛው ነገሩ ከላይ የታሰበበት ነው፣ ተኩሱ ሰበብ ብቻ ነው ይላል። ሁለተኛው ደግሞ አንድ ችኩል መኮንን አገሩን ያላሰበችው ጣጣ ውስጥ ከተታት ይላል። ዓለም አቀፍ ግንኙነትን ከሚያጠኑ ምሁራን መካከል በሁለቱም ያልረኩ ወገኖች የሚከተሉት አንድ የምርምር መንገድ አለ። ይህ መንገድ በአንድ ሥፍራ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በጥቂት ሰዎች መካከል የሆነውን ነገር በቅርብ እያየ፣ መንግሥት፣ ድንበርና ሉዓላዊነት የሚባሉት ትላልቅ ነገሮች በእነዚያ ሰዎች እጅ እንዴት እንደሚሠሩ ይጠይቃል። ስሙ ከበድ ያለ ነው፤ በአነስተኛ ደረጃ የሚካሄድ ታሪካዊ ሶሲዮሎጂ ይባላል። አሠራሩን ለማሳየት በዚህ ጽሑፍ የተመረጠው ምሳሌ በኅዳር ወር 1927 ዓ.ም. በኦጋዴን የደረሰው የወልወል ግጭት ነው።

ታሪካዊ ሶሲዮሎጂ ሲባል ምን ማለት ነው?

ሶሲዮሎጂ ሰዎች አብረው ሲኖሩ የሚፈጥሩትን ሥርዓት፣ ማዕረግ፣ ልማድና የሥልጣን ግንኙነት የሚያጠና የዕውቀት ዘርፍ ነው። «ታሪካዊ» የሚለው ቅጽል ሲጨመርበት፣ ዛሬ እንደ ተፈጥሮ ነገር የምንቆጥራቸው ተቋማት መቼና እንዴት ተፈጠሩ የሚለው ጥያቄ ይቀድማል።

ይህ ጥያቄ በዓለም አቀፍ ግንኙነት ጥናት ውስጥ ተቃውሞ ሆኖ ነው የገባው። እ.ኤ.አ. በ1979 አሜሪካዊው ኬኔት ዋልዝ ባቀረበው ታዋቂ ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ የዓለም ፖለቲካ ከበላያቸው ገዥ የሌላቸው መንግሥታት የሚተያዩበት መድረክ ነው፤ ባሕርያቸውን የሚወስነውም በመካከላቸው ያለው የኃይል አሰላለፍ ነው። ንድፈ ሐሳቡ ብዙ ነገር ያስረዳል። ነገር ግን መንግሥትን ከጥንት ጀምሮ እንዳለ፣ ውስጡም ሊመረመር እንደማያስፈልግ አድርጎ ይወስደዋል። በዚህ ላይ ቻርልስ ቲሊ የአውሮፓ መንግሥታት ራሳቸው የጦርነት ውጤት መሆናቸውን አስገነዘበ፤ ንጉሡ ለጦርነት ገንዘብ ሲፈልግ ግብር ጣለ፣ ግብሩን ለመሰብሰብ ጸሐፊና መዝገብ አስፈለገው፣ እነዚህም እያደጉ መንግሥት የምንለውን አካል አበጁ። ቴዳ ስኮችፖል የፈረንሳይን፣ የሩሲያንና የቻይናን አብዮቶች ስታጠና የውጭ ጫና የውስጥ ሥርዓትን እንዴት እንደሚያናጋ አሳየች፤ ማይክል ማን ደግሞ የማኅበራዊ ኃይልን ምንጮች ርዕዮታዊ፣ ኢኮኖሚያዊ፣ ወታደራዊና ፖለቲካዊ ብሎ ለይቶ በሺህ ዓመታት ታሪክ ውስጥ ተከታተላቸው።

እነዚህ ጥናቶች የሚያዩት በረጅሙና ከሩቅ ነው። ክፍለ ዘመን በአንድ ምዕራፍ ያልፋል፤ በውስጡ ግን ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ዘብ የሚቆም፣ ውኃ የሚቀዳ ሰው አይታይም።

ታዲያ ጥቃቅኑ ነገር ከየት መጣ?

ከሁለት አቅጣጫ ነው የመጣው። የመጀመሪያው የፊት ለፊት ግንኙነትን ያጠኑ ሶሲዮሎጂስቶች ናቸው። ኧርቪንግ ጎፍማን ሰዎች በሌሎች ፊት ክብራቸውን ለመጠበቅ የሚያደርጉትን ጥንቃቄ በዝርዝር መረመረ። ራንዳል ኮሊንስ ደግሞ ስለ ጠብ ያለንን ግምት የሚገለብጥ ሐሳብ አቀረበ፦ ፊት ለፊት ሆኖ ሰውን መምታት ለአብዛኛው ሰው እጅግ ከባድ ነው፣ ስለዚህም አብዛኛው ፍጥጫ በዛቻና በስድብ ተጀምሮ በዚያው ይበርዳል። በእርሱ አመለካከት ማብራሪያ የሚያስፈልገው ሰዎች ለምን ይፋጠጣሉ የሚለው ሳይሆን፣ ይህኛው ፍጥጫ እንደ ሌሎቹ ሳይበርድ ለምን ቀረ የሚለው ነው።

ሁለተኛው አቅጣጫ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካርሎ ጊንዝበርግንና ጆቫኒ ሌቪን በመሳሰሉ የኢጣሊያ ታሪክ ጸሐፊዎች የተጀመረው ዘዴ ነው። እነርሱ የአንድ ወፍጮ ባለቤትን የፍርድ መዝገብ ወይም የአንድ መንደርን የመሬት ሽያጭ ይዘው ስለ እምነት፣ ስለ ገበያና ስለ ሥልጣን ትላልቅ ጥያቄዎችን ጠየቁ።

እዚህ ላይ ብዙ አንባቢን የሚያሳስት ነገር አለ። ይህ የምርምር መንገድ ትንሽ ነገር ትልቅ ውጤት ይወልዳል እያለ አይደለም፤ እንዲያ ቢሆን ኖሮ ዘዴው ከወግ ጨዋታ አይለይም ነበር። የሚለው ትላልቁ ነገር ለብቻው የሚኖርበት ሌላ ሥፍራ የለውም ነው። ሉዓላዊነትን በዓይኑ ያየ ሰው የለም፤ የሚታየው ሰንደቅ፣ ኬላ፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤና «ከዚህ ወዲያ አታልፍም» የሚል ዘብ ነው።

ወልወል ላይ ምን ሆነ?

ወልወል ዝናብ በሚያጥርበት በኦጋዴን ሜዳ ላይ የሚገኝ፣ በርካታ የውኃ ጉድጓዶች ያሉበት ሥፍራ ነው። በዙሪያው የሚኖሩ የሶማሌ አርብቶ አደሮች ግመሎቻቸውን የሚያጠጡት እዚያ ስለሆነ፣ ጉድጓዱን የያዘ ሰው የእነርሱን መንገድ ይይዛል። ኢጣሊያኖች በ1922 ዓ.ም. ገደማ ከቅኝ ግዛታቸው ከሶማሊያ መጥተው ምሽግ ሠሩ፣ ዱባት የሚባሉትን ነጭ ጥምጥም የሚያደርጉ የሶማሌ ወታደሮቻቸውንም ጠባቂ አድርገው አቆሙ።

በዚያው ዘመን የኢትዮጵያንና የእንግሊዝ ሶማሌላንድን ወሰን የሚከልል የሁለቱ መንግሥታት ኮሚሽን ሥራ ላይ ነበር። የወሰኑን ሥራ እንደጨረሰ ከወሰን ወዲህና ወዲያ የሚንቀሳቀሱ ከብት አርቢዎች የሚጠቀሙበትን የግጦሽ መሬት ሊያጠና ወደ ደቡብ ወረደ። የእንግሊዙን ወገን ሌተና ኮሎኔል ክሊፎርድ ይመሩ ነበር፤ በኢትዮጵያ በኩል ከነበሩት አንዱ ኋላ ጄኔቭ በነበረው የመንግሥታት ማኅበር የኢትዮጵያ ተወካይ የሆኑት ሎሬንሶ ታእዛዝ ናቸው። በፊታውራሪ ሽፈራው የሚመራው የኢትዮጵያ አጃቢ ጦር ኮሚሽኑን ቀድሞ ኅዳር 13 ቀን 1927 ዓ.ም. ወልወል ሲደርስ፣ ምሽጉን እንዲለቅ የተጠየቀው አንድ የሶማሌ የበታች ሹም እምቢ አለና ለአለቃው ለካፒቴን ቺማሩታ መልእክት ላከ። የኢጣሊያ መንግሥት በወልወል የተናገረው የመጀመሪያው እምቢታ በሶማሌ አንደበት የተነገረ ነበር ማለት ነው።

ኮሚሽኑ በማግስቱ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት በክሊፎርድና በቺማሩታ መካከል ኃይለ ቃል ያለባቸው ደብዳቤዎች ተመላለሱ። የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ከሰፈሩ በላይ ዝቅ ብለው በረሩ፤ የኮሚሽኑ ሰዎችም ከአውሮፕላኑ መትረየስ እንደተነጣጠረባቸው ገልጸው ተቃውሞ አሰሙ። ክሊፎርድ ነገሩ እንዳይባባስ ሲሉ ኮሚሽኑን ይዘው አዶ ወደሚባል ሥፍራ አፈገፈጉ። አጃቢው ጦር ግን እዚያው ቀረ።

ሁለቱ ወገኖች በአንዳንድ ሥፍራ በጥቂት እርምጃ ርቀት እየተያዩ ቀናት አሳለፉ። ኅዳር 26 ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ቀኑ ወደ ማምሻው ሲል ተኩስ ተከፈተ። የመጀመሪያውን ጥይት ማን እንደተኮሰ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ እያንዳንዱ ወገን ሌላውን ይከሳል። ኢጣሊያኖች አውሮፕላንና ብረት ለበስ መኪና አሰለፉ፤ ፊታውራሪ ዓለማየሁ ጎሹን ጨምሮ ከ100 በላይ የኢትዮጵያ ወታደሮች ሞቱ።

ወሰኑ የት ነበር?

በወረቀት ላይ ወልወል የኢትዮጵያ ነበር ለማለት በቂ ምክንያት አለ። በ1889 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከኢጣሊያው መልእክተኛ ከኔራዚኒ ጋር የተስማሙበት መስመር ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ 180 ማይል ያህል ገባ ብሎ የሚሄድ ነው። ማይሉ የባሕር ይሁን የየብስ አከራክሯል፤ በየትኛውም ቢለካ ግን ወልወል ከመስመሩ በአሥራዎች ኪሎ ሜትር ወደ ኢትዮጵያ ክልል ይገባል። የ1900 ዓ.ም. ውል ደግሞ ኦጋዴን በሙሉ በኢትዮጵያ ሥር እንደሚሆን ይናገራል። የኢጣሊያ ወገን በበኩሉ ጉድጓዶቹን በኦቢያ ሱልጣኔት ሥር ያሉ ጎሣዎች የሚገለገሉባቸው ናቸው፣ ሱልጣኔቱም የእኛ ነው ሲል ተከራከረ።

ለዚህ ዓይነቱ ጥናት ግን ዋናው ነገር ሌላ ነው። ከዶሎ አካባቢ ካለ አጭር ክፍል በቀር ያ ወሰን በምድር ላይ ተከልሎ አያውቅም። ችካል በሌለበት አገር ወሰን የሚሆነው የዕለት ተዕለት ሥራ ነው፦ ማን ምሽግ ሠራ፣ ማን ዘብ አቆመ፣ የግመል ባለቤቱ ውኃ ለመቅዳት ማንን አስፈቀደ? ኢጣሊያኖች ለአራት ዓመት ያህል ይህን ሥራ በዝምታ ሲሠሩ ቆይተዋል። የወሰን ኮሚሽኑ ከነባንዲራውና ከነአጃቢው በዚያ ሥፍራ ሲገኝ ዝምታው ፈረሰ፤ ከዚያ ወዲያ መቅረትም መልቀቅም የባለቤትነት ምስክር ሆነ። ፊታውራሪ ሽፈራውም ሆኑ ቺማሩታ ወደ ኋላ ለመመለስ የተቸገሩት፣ በእኔ ንባብ፣ ከግል ባሕርያቸው ይልቅ በዚህ ምክንያት ነው።

የተፋጠጡት እነማን ናቸው?

ከሩቅ ሲታይ መልሱ ቀላል ነው፤ ኢትዮጵያና ኢጣሊያ። ከቅርብ ሲታይ ግን በኢጣሊያ በኩል ከተሰለፉት አብዛኞቹ ሶማሌዎች ነበሩ። በኢትዮጵያ በኩልም ሶማሌዎች ነበሩ፤ ከእነርሱ መካከል በ1918 ዓ.ም. ገደማ በኢጣሊያ ላይ አምፆ ወደ ኢትዮጵያ የተሻገረው ዑመር ሰመተር ይገኝበታል። ለእርሱና ለተከታዮቹ ወልወል በሮምና በአዲስ አበባ መካከል ያለ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ በገዛ አገራቸው የተጀመረ ያልተዘጋ ሒሳብም ነበር። «ሁለት መንግሥታት ተጋጩ» የሚለው አነጋገር ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል።

የኮሊንስ ጥያቄም እዚህ ላይ ይጠቅማል። ፍጥጫው ወደ ሁለት ሳምንት ዘልቋል፤ ይህም ማለት በእያንዳንዱ ቀን ላለመተኮስ የሚገፋ ኃይል ነበረ ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከእነዚህ ኃይሎች አንዱ ሦስተኛ ወገን ሆነው የሚታዘቡት የእንግሊዝ መኮንኖች በሥፍራው መኖራቸው ነበር ማለት ይቻላል። እነርሱ ጠብን ለማስወገድ ብለው ሲሄዱ ምስክሩም አብሮ ሄደ። ይህ አተረጓጎም በሰነድ የሚረጋገጥ ሐቅ ሳይሆን ከሁኔታው የሚሰነዘር ግምት ነው፤ ነገር ግን ተመራማሪውን ሌላ ዘዴ ወደማይጠይቀው ጥያቄ ይመራዋል።

የጉድጓዱ ጠብ እንዴት ጄኔቭ ደረሰ?

ኢትዮጵያ ኅዳር 30 ቀን፣ ከኢጣሊያ ጋር በ1920 ዓ.ም. በፈረመችው የወዳጅነት ውል መሠረት ጉዳዩ በግልግል ዳኝነት እንዲታይ ጠየቀች። ግልግል ዳኝነት ማለት ተከራካሪዎቹ ራሳቸው በመረጧቸው ዳኞች የሚዳኙበት መንገድ ነው። ኢጣሊያ ከሁለት ቀን በኋላ የሰጠችው መልስ የሐረርጌው ገዥ ወልወል ድረስ ሄደው ይቅርታ እንዲጠይቁ፣ ለኢጣሊያ ሰንደቅ ሰላምታ እንዲሰጥና 200,000 ማርያ ትሬዛ ብር ካሣ እንዲከፈል የሚል ነበር።

ይህን ጥያቄ ከአንድ ወር በፊት ከሆነው ነገር ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። ጥቅምት 25 ቀን በጎንደር በኢጣሊያ ቆንስላ ላይ ጥቃት ደርሶ ነበር፤ ኢትዮጵያ ይቅርታ ጠየቀች፣ ካሣም ከፈለች፣ ነገሩም በዚያው አለቀ። የወልወሉ ለምን እንደዚያ አላለቀም? ጎንደር የማን እንደሆነች የጠየቀ ሰው ስላልነበረ፣ የይቅርታው ዋጋ ይቅርታው ብቻ ነበር። ወልወል ላይ ግን ለባዕድ ሰንደቅ ሰላምታ መስጠት መሬቱን ፈርሞ እንደማስረከብ ነው። ያው ይቅርታ፣ ያው ካሣ በሁለት ሥፍራ ሁለት ነገር ሆነ። ከሩቅ የሚያይ ጥናት ሁለቱንም «የዲፕሎማሲ ውዝግብ» ብሎ በአንድ ረድፍ ያስቀምጣቸው ነበር።

ኢትዮጵያ ከ1916 ዓ.ም. ጀምሮ አባል ወደ ሆነችበት የመንግሥታት ማኅበር አቤት አለች። ወራት ከተጓተተ በኋላ የግልግል ጉባኤ ተቋቋመ፤ ኢጣሊያ ሁለት ኢጣሊያውያንን፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ፈረንሳዊውን ላ ፕራዴልንና አሜሪካዊውን ፒትማን ፖተርን ሾሙ። የኢትዮጵያ ጠበቃ ፈረንሳዊው ጋስቶን ዤዝ ወልወል በኢትዮጵያ ምድር የሚገኝ መሆኑን ማስረዳት ሲጀምሩ የኢጣሊያ ወገን ተቃወመ፤ ጉባኤው ስለ ወሰን እንዲናገር ሥልጣን አልተሰጠውም አለ። የማኅበሩ ምክር ቤትም በስተመጨረሻ ይህን ተቀበለ። በገጠር አንድ ሰው የጎረቤቱን ማሳ አልፎ ሲያርስ ጠብ ቢነሣና ሽማግሎች «ድንበሩን አታንሡብን፤ መጀመሪያ ዱላ ያነሣው ማን እንደሆነ ብቻ ንገሩን» ቢሉ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

አምስተኛው ዳኛ ግሪካዊው ኒኮላስ ፖሊቲስ ተጨምረው ጉባኤው ነሐሴ 28 ቀን 1927 ዓ.ም. ውሳኔውን ሰጠ፤ ለግጭቱ ሁለቱም መንግሥታት በኃላፊነት አይጠየቁም አለ። በማግስቱ ኢጣሊያ ወልወልን ወደ ጎን ትታ፣ ኢትዮጵያ የማኅበሩ አባል ለመሆን አትበቃም የሚል የክስ ጽሑፍ ለምክር ቤቱ አቀረበች። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦሯ ጦርነት ሳታውጅ መረብን ተሻገረ።

ሙሶሊኒ አስቀድሞ ወስኖ አልነበረም ወይ?

በዚህ ዘዴ ላይ ከሚቀርቡት ተቃውሞዎች ጠንካራው ይህ ነው፤ በብዙው ትክክልም ነው። የኢጣሊያ የቅኝ ግዛት ሚኒስትር ዴ ቦኖ የዘመቻ ጥናት የጀመረው በ1924 ዓ.ም. ነው። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን በሙሉ ስለ መያዝ ምሥጢራዊ መመሪያውን የጻፈው ታኅሣሥ 21 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው፤ ከግጭቱ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ እንዲህ ያለ ዕቅድ የሚጻፈው ሐሳቡ ቀድሞ ከነበረ ነው። ከሳምንት በኋላ ከፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከላቫል ጋር ሮም ላይ የተፈረመው ስምምነትም የአውሮፓ ኃይል አሰላለፍ ውጤት እንጂ የወልወል ጉድጓድ ያፈለቀው አይደለም። ስለዚህ ወልወል ባይኖር ጦርነቱ ይቀር ነበር ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ዘዴ ያለ አግባቡ ተጠቅሞበታል።

ዘዴው የሚያስረዳው ጦርነቱ የመጣበትን መንገድ ነው፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ከግጭቱ እስከ ወረራው አሥር ወር ገደማ አለ። በእነዚያ ወራት የኢጣሊያ ጦር በስዊዝ ቦይ በኩል ወደ ምጽዋ ሲጎርፍ፣ ምክር ቤቱ ጉዳዩ በግልግል ላይ ነው እያለ በጥርም በግንቦትም ውሳኔውን ያስተላልፍ ነበር። ወልወል ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ ዲፕሎማቶች የሚጠብቁት ቀጠሮ ሰጣቸው፤ አንድን ሉዓላዊ አገር የመውረር ዝግጅትም «የድንበር ውዝግብ» በሚል የመዝገብ ስም ሥር ተቀመጠ። ይህን ያስቻለው ደግሞ የጉዳዩን ጥያቄ ከመሬት ባለቤትነት ወደ መጀመሪያው ጥይት ያጠበበው የችሎቱ አሠራር ነው። የኃይል አሰላለፍ ብቻውን ይህን አይነግረንም።

ሌላው ተቃውሞ የምርጫ ጉዳይ ነው። ተመራማሪው የሚያነሣው ስሙ የገነነውን ግጭት ነው፤ በርደው የቀሩት ፍጥጫዎች ተረስተዋል። መድኃኒቱ እንደ ጎንደሩ ያሉ፣ ተመሳሳይ ሆነው ያልተቀጣጠሉ ክስተቶችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ይህን የማያደርግ ጥናት፣ ጥሩ ትረካ ቢሆንም፣ ሶሲዮሎጂ ለመባል አይበቃም።

የሰነድ ነገርስ?

ስለ ወልወል የምናውቀው በአብዛኛው ከመኮንኖች ደብዳቤ፣ ከቴሌግራም፣ ከክሊፎርድ ሪፖርትና ከግልግሉ መዝገብ ነው። እነዚህ ሁሉ ሊያዩትና ሊያሳዩት የፈለጉት ማን በደለ የሚለውን ነው። ጉድጓዶቹን የቆፈሩትና ግመል ያጠጡባቸው የነበሩ ሰዎች በመዝገቡ ውስጥ የሚነሡት እንደ ክርክሩ ዕቃ ነው፤ «የእገሌ ጎሣ ናቸው» ይባላል፣ እነርሱ ግን አይጠየቁም። ሶማሊኛ የሚያውቅና የአካባቢውን የቃል ግጥምና ትውፊት የሚሰበስብ ተመራማሪ ከአውሮፓ ቤተ መዛግብት የማይገኝ ነገር ሊያገኝ ይችላል።

ጉዳዩም የተዘጋ ታሪክ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች በ1942 ዓ.ም. ኢጣሊያ በሞግዚትነት ለምታስተዳድረው ሶማሊያና ለኢትዮጵያ መለያ እንዲሆን ያሰመሩት መስመር በጊዜያዊነት የተሰመረ ነበር። ወልወልን ለኢትዮጵያ ያስቀረው ይህ መስመር በብዙ ካርታዎች ላይ «ጊዜያዊ አስተዳደራዊ መስመር» በሚል ስም ሰፍሯል፤ አርብቶ አደሮቹም ወዲያና ወዲህ እየተሻገሩበት ይኖራሉ።